«የቅርብ ኀላፊ» የሚለው ስያሜና የእንግሊዝኛው ፕሬዘንት ፐርፌክት አስተማመር

በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ራሱን የቻለ አንድ የትምህርት ዐይነት ብቻ ሳይሆን የሌሎቹ ትምህርቶች ማስተማሪያም ስለ ሆነ፣ በእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ሳይብራራ የታለፈ ነገር በታሪኩም በኬሚስትሪውም ደብተር ላይ ተመልሶ መታየቱ አይቀርም። እንዲህ ተመልሰው ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ፕሬዘንት ፐርፌክት እየተባለ የሚጠራው የግሥ ጊዜ ነው። ይህ የግሥ ጊዜ ከክፍል ወደ ክፍል እየተደጋገመ ይሰጣል፤ በፈተና ላይ ሳይጠየቅ የሚቀርበትም ጊዜ ጥቂት ነው። ሆኖም ፈተናውን በደኅና ውጤት ያለፈ ተማሪ እንኳ ስለ ትናንት ውሎው አንድ ገጽ ጻፍ ሲባል «ሂ ሃዝ ካም የስተርዴይ» ብሎ ይጽፋል፤ አጠገቡ ስለ ተቀመጠው ጓደኛውም «ሂ ሃዝ ጎን ቱ ጅማ» ይላል። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አይቆምም። ሁለተኛው ደግሞ ሰዋስው ሳይጎድለው ሐሰት ይናገራል፤ ጓደኛው ጅማ ሄዶ እስካሁን አልተመለሰም ማለት ነውና።

ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመካኘው በተማሪው ስንፍና ወይም በመምህሩ ችሎታ ማነስ ነው። ነገሩ በጥሞና ሲመረመር ግን ከሁለቱም ይልቅ ተጠያቂው አስተማመሩ ራሱ ሆኖ ይገኛል። ይህ አስተማመር አንድ አሳሳች ስም፣ አንድ የጠቋሚ ቃላት ዝርዝርና አንድ የማይለወጥ የቃል ልምምድ ይዞ ለብዙ ዘመን የኖረ ነው። ተማሪው አፉን በፈታበት ቋንቋ ውስጥ ያለውን ሀብትና እንቅፋት ግን አይመለከትም።

በመጀመሪያ ስሙን መመርመር ይገባል። የአማርኛ ሰዋስው መጻሕፍት «ሄደ»ን ኀላፊ፣ «ሄዷል»ን የቅርብ ኀላፊ፣ «ሄዶ ነበር»ን የሩቅ ኀላፊ እያሉ ሲያስተምሩ ኖረዋል። የእንግሊዝኛው መምህር ይህንኑ የተዘጋጀ ስም ተውሶ «ፕሬዘንት ፐርፌክት ማለት የቅርብ ኀላፊ ማለት ነው» ይላል። ከዚህ በኋላ በተማሪው አእምሮ የሚቀረው «ቅርብ» የሚለው ቃል ብቻ ነው፤ ዛሬ ጧት የሆነው ነገር በፕሬዘንት ፐርፌክት፣ አምና የሆነው በሲምፕል ፓስት የሚነገር ይመስለዋል። ነገር ግን እንግሊዛዊ ከአንድ ደቂቃ በፊት ስለ ወጣ ሰው ሲናገር «ሂ ሌፍት ኤ ሚኒት አጎ» ይላል፤ ይህም ሲምፕል ፓስት ነው። ስለ ምድር ዕድሜ ሲናገር ደግሞ «ዚ ኧርዝ ሃዝ ኤግዚስትድ ፎር ቢሊየንስ ኦፍ ይርስ» ይላል፤ ይህም ፕሬዘንት ፐርፌክት ነው። አንዷ ደቂቃ ሩቅ፣ ብዙው ቢሊዮን ዓመት ቅርብ ሊባል አይችልምና የጊዜው ርቀት መለኪያ አለመሆኑ ግልጽ ነው።

እንዲያውም ስሙ ለአማርኛው ራሱ ጠባብ ነው። «የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ተካሂዷል» ብሎ የሚጽፍ የታሪክ መምህር አማርኛውን አላበላሸም። ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈ ነገር በ«ቅርብ ኀላፊ» ሲነገር የሰሚውን ጆሮ አይቆረቁረውም። ይህን ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል የመለሰ ተማሪ ግን «ዘ ባትል ኦፍ አድዋ ሃዝ ቴክን ፕሌስ ኢን ኤይቲን ናይንቲ ሲክስ» ብሎ ይጽፋል፤ ይህም በእንግሊዝኛ ስሕተት ነው። ቀኑ፣ ዓመቱ ወይም ሰዓቱ ተለይቶ ከተጠራ እንግሊዝኛ ፕሬዘንት ፐርፌክትን አይቀበልምና። አማርኛ ግን «ትናንት መጥቷል»ም «ትናንት መጣ»ም ይላል። የሁለቱ ቋንቋዎች መንገድ የሚለያይበት ትልቁ መስቀለኛ ቦታ ይህ ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ቦታ ላይ ተማሪውን ቆም የሚያሰኝ ምልክት አይተከልም።

መምህሩ የእንግሊዝኛውን ስም በትክክል ቢተረጉመው ኖሮ ይህን ያህል ባልተሳሳተ ነበር። «ፕሬዘንት» ማለት አሁን ያለ ማለት ነው፤ «ፐርፌክት» ደግሞ በሰዋስው ቋንቋ የተፈጸመ ማለት ነው። ድርጊቱ የተፈጸመ፣ የሚታይበት ጊዜ ግን አሁን ነው። ይህ ሐሳብ ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ አይደለም፤ በአፉ ውስጥ ያለ ነገር ነው። «ሄዷል» የሚለው ግሥ ተፈታትቶ ሲታይ «ሄዶ» ከሚለው ቦዝ አንቀጽና «አለ» ከሚለው ረዳት ግሥ የተሠራ ነው። «አለ» የአሁን ግሥ ነው። እንግሊዝኛውም «ሃዝ» የሚለውን የአሁን ረዳት ግሥ ከተፈጸመ ድርጊት ጋር ያጣምራል። «ሄዶ ነበር» ሲባል ረዳት ግሡ ወደ ኋላ እንደሚመለስ ሁሉ «ሃድ ጎን» ሲባልም ረዳቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሁለት ዘመድ ያልሆኑ ቋንቋዎች በአሠራር ይህን ያህል መገጣጠማቸው ለመምህር የማይገኝ ዕድል ነው። «የቅርብ ኀላፊ» የሚለው ስም ግን በዚህ መጋጠሚያ ላይ እንደ መጋረጃ ተጋርዷል፤ ምክንያቱም «አሁን»ን አስወጥቶ «ኀላፊ»ን አስገብቷል።

በአሠራር መገጣጠም በአጠቃቀም መገጣጠም አይደለም። እንግሊዛዊው የሥነ ልሳን ምሁር በርናርድ ኮምሪ በ1976 እ.ኤ.አ. ስለ ግሥ አስፔክት ባሳተመው መጽሐፍ የፐርፌክትን አጠቃቀም በአራት ከፍሎታል፤ ውጤቱ አሁን የሚታይ ድርጊት፣ በሕይወት ዘመን ቢያንስ አንድ ጊዜ የሆነ ገጠመኝ፣ ዱሮ ተጀምሮ እስካሁን የዘለቀ ሁኔታና አሁን በቅርቡ የሆነ ነገር። እንግሊዝኛ አራቱንም በአንድ የግሥ መልክ ይሸከማቸዋል። አማርኛ ግን ለየአንዳንዱ የተለየ አነጋገር አለው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ውጤቱ በሚታየው ድርጊት ሁለቱ ይገጥማሉ። «ቁልፉ ጠፍቶበታል» ሲባል ቁልፉ አሁንም የለም፤ «ሂ ሃዝ ሎስት ዘ ኪይ» ሲባልም እንዲሁ ነው። ወደ ገጠመኝ ሲመጣ ግን አማርኛ «ማወቅ» የሚለውን ግሥ ይጠራል፤ «ሐረር ሄደህ ታውቃለህ?»፣ «ሄጄ አላውቅም»። እንግሊዛዊው በዚህ ቦታ «ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን ቱ ሐረር?» ይላል። እዚህ ላይ «ሄደህ ታውቃለህ» የሚለውን አነጋገር «ቢን ቱ» ከሚለው ሐረግ ጋር በቀጥታ አያይዞ ማስተማር ሲቻል፣ ተማሪው «መሄድ»ን «ጎ» ብሎ እንዲተረጉም ብቻውን ይተዋል፤ ሄዶ የተመለሰውን ሰው «ሃዝ ጎን» የሚለውም ስለዚህ ነው። «ሄዷል» የሚባል ሰው የለም፤ «ሄዶ ያውቃል» የሚባለው ግን እዚሁ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ይህን ልዩነት አማርኛ ተናጋሪው ሕፃን ከእናቱ ጋር ሲያወራ ሳይሳሳት ይጠቀምበታል፤ በእንግሊዝኛው ክፍል ግን እንደ አዲስ ምሥጢር ይነገረዋል፣ ያውም ከተነገረው።

እስካሁን የዘለቀውን ሁኔታ ለመግለጽ አማርኛ ብዙ መንገድ አለው። «ማስተማር ከጀመረ ዐሥር ዓመቱ ነው» ይባላል፤ «ዐሥር ዓመት ሲያስተምር ቆይቷል» ይባላል፤ «ከዐሥር ዓመት ጀምሮ ያስተምራል»ም ይባላል። የመጨረሻው አነጋገር ግሡን በአሁን መልክ ስለሚያስቀምጠው ተማሪው «ሂ ቲችስ ሲንስ ቴን ይርስ» ወደሚል ዐረፍተ ነገር ይመራዋል። በዚህ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ስሕተቶች አሉ፤ ሁለቱም ከአማርኛው የመጡ ናቸው። ግሡ «ያስተምራል»ን ተከትሏል። «ሲንስ» ደግሞ የ«ከ» ትርጉም ሆኖ ገብቷል፤ አማርኛ «ከሰኞ ጀምሮ»ም «ከሦስት ቀን ጀምሮ»ም ስለሚል መነሻ ነጥብንና የጊዜ ርዝመትን በአንድ «ከ» ያስተናግዳል። እንግሊዝኛ ግን ለመነሻው «ሲንስ»፣ ለርዝመቱ «ፎር» ብሎ ይለያቸዋል። «ሲንስ ለነጥብ፣ ፎር ለርዝመት» የሚለው ሕግ በየጥቁር ሰሌዳው ላይ ይጻፋል፤ ይሁን እንጂ «ከ» ሁለቱንም እንደሚሸከም የሚነግረው ሰው የሌለው ተማሪ ሕጉ ለምን እንዳስፈለገ ሳይገባው ይሸመድደዋል።

በቅርቡ የሆነውን በሚመለከት አማርኛ «አሁን መጣ» ብሎ ተራውን ኀላፊ ይጠቀማል፤ ወይም «መምጣቱ ነው» ይላል። የእንግሊዝኛው «ሂ ሃዝ ጀስት ካም» የሚተረጎመው እንግዲህ ብዙ ጊዜ በ«መጥቷል» አይደለም። ስሙ «የቅርብ ኀላፊ» የሆነው የአማርኛ ግሥ እጅግ ቅርብ ለሆነው ነገር ተመራጭ አለመሆኑ ለስሙ አወጣጥ ትንሽ የሚያስቅ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የከበደው ግን አሉታው ነው። «ሄዷል» የራሱ አፍራሽ የለውም። «ሄደ» ሲፈርስም «አልሄደም»፣ «ሄዷል» ሲፈርስም «አልሄደም» ነው። («ነግሬህ የለም?» የሚለው አነጋገር በመልኩ አፍራሽ ቢመስልም በትርጉሙ «ነግሬሃለሁ» ማለት ስለ ሆነ ከዚህ አይቆጠርም።) እንግሊዝኛ በአዎንታ ያለውን ልዩነት በአሉታም ይጠብቃል፤ «ሂ ዲድ ናት ካም» ሲል ቀጠሮው አልፏል፣ «ሂ ሃዝ ናት ካም» ሲል በሩ ገና አልተዘጋም። በአማርኛ ሁለቱም «አልመጣም» ናቸው፤ የበሩን መከፈትና መዘጋት የሚናገረው «ገና» የሚለው ቃል ነው። ተማሪው በአዎንታ የለመደውን ልዩነት በአሉታ ሲያጣው የሚደገፍበት ነገር የለውም። «ማን»፣ «የሚል» እያሉ በሚገቡ ጥገኛ ዐረፍተ ነገሮችም እንዲሁ ነው፤ «የመጣው ሰው» ሲባል የመጣና ያለ ይሁን የመጣና የሄደ ይሁን ከግሡ መልክ አይለይም። ከዚህ የተነሣ በአዎንታዊ ነጠላ ዐረፍተ ነገር ብቻ የተሠራ ልምምድ፣ ተማሪው ከሚሳሳትባቸው ቦታዎች በጣም ቀላሉን ብቻ ያለማምዳል።

ከዚህ በተቃራኒ የሚመጣም ስሕተት አለ። አማርኛ ተቀምጧል፣ ቆሟል፣ ተኝቷል፣ ለብሷል፣ ይዟል፣ ደክሞታል እያለ አሁን የሚታይ ሁኔታን በዚሁ መልክ ይናገራል። እንግሊዝኛ በእነዚህ ቦታዎች ፕሬዘንት ፐርፌክትን ሳይሆን «ኢዝ ሲቲንግ»፣ «ኢዝ ስሊፒንግ»፣ «ኢዝ ታየርድ» የሚሉትን የአሁን መልኮች ይመርጣል። «ዘ ቻይልድ ሃዝ ስሌፕት» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ሕፃኑ ተኝቷል ማለቱ ነው፤ እንግሊዛዊ አንባቢው ግን ሕፃኑ ተኝቶ የተነሣ ይመስለዋል።

«አሁን» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ለማሳየት ከሥነ ጽሑፍ አንድ ምሳሌ መውሰድ ይጠቅማል። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ሦስት ልብ ወለዶች ጽፈዋል። ይህ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ደራሲው በሕይወት ሳሉም ትክክል ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም ትክክል ነው፤ አንዲት ፊደል አይለወጥበትም። በእንግሊዝኛ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደራሲው በሕይወት ሳሉ የሚነገረው «ሂ ሃዝ ሪትን ስሪ ኖቭልስ» ነው፤ አራተኛ ሊጽፉ ይችላሉና መዝገቡ ክፍት ነው። ካረፉ በኋላ ግን «ሂ ሮት ስሪ ኖቭልስ» ይባላል፤ መዝገቡ ተዘግቷል። ይሁን እንጂ በ1958 ዓ.ም. ስለ ታተመው መጽሐፍ «ዘ ቡክ ሃዝ ቢን ሬድ ባይ ስሪ ጄኔሬሽንስ» ማለት ዛሬም ይቻላል፤ ጸሐፊው ባይኖሩም መጽሐፉ አለ፣ ገናም ይነበባል። ልዩነቱን የሚያመጣው የዓመቱ ብዛት ወይም ማነስ አይደለም፤ የሚነገርለት ነገር ዘመን ክፍት ወይም ዝግ መሆኑ ነው። ይህን ምሳሌ በዐሥር ደቂቃ ያስረዳ መምህር ስለ ፕሬዘንት ፐርፌክት ዋናውን ነገር አስተምሯል ማለት ይቻላል። የቀረው ማለማመድ ነው።

መምህሩ በዚህ ጉዳይ ሊያፍር አይገባውም። ጀርመንኛና ፈረንሳይኛም ከእንግሊዝኛው ጋር የሚመሳሰል የተጣመረ ግሥ ይዘው «ትናንት» ከሚለው ቃል ጋር ያለ ችግር ይጠቀሙበታል። እንግሊዝኛ ለምን «የስተርዴይ»ን እንደማይቀበል የሥነ ልሳን ሊቃውንትን ራሳቸውን ሲያከራክር የኖረ ነገር ነው። ቮልፍጋንግ ክላይን በ1992 እ.ኤ.አ. በዚሁ ጉዳይ ያወጣው ጥናት በርእሱ «የፕሬዘንት ፐርፌክት እንቆቅልሽ» የሚል ነበር። በዚህ ነገር ከመንገድ የወጣው እንግሊዝኛ እንጂ አማርኛ አይደለም። ተማሪው ይህን ቢያውቅ የራሱን ቋንቋ የስሕተት ምንጭ አድርጎ ከማየት ይድን ነበር።

ይህን ሁሉ የያዘ ትምህርት መስጠት ሲገባ፣ በተግባር የሚሰጠው የጠቋሚ ቃላት ዝርዝር ነው። «ጀስት»፣ «ኦልሬዲ»፣ «ዬት»፣ «ኤቨር»፣ «ኔቨር»፣ «ሲንስ»፣ «ፎር»። ተማሪው ከእነዚህ አንዱን ባየ ጊዜ «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» እንዲያስገባ ይለማመዳል። ዝርዝሩ መጥፎ የሚሆነው ሐሰት ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ግማሽ እውነት ስለ ሆነ ነው። «ፎር» ከሲምፕል ፓስት ጋርም ያለ ችግር ይሄዳል። «ኔቨር»ም እንዲሁ። «ሲንስ» ደግሞ «ምክንያቱም» የሚል ሌላ ትርጉም ስላለው ከፈለገው ጊዜ ጋር ሊገኝ ይችላል። በሌላ በኩል በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ያለ አንዳች ጠቋሚ ቃል የሚመጣው ፕሬዘንት ፐርፌክት ብዙ ነው፤ ዝርዝሩን የተማመነ ተማሪም ይህን አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

የዝርዝሩ ዕድሜ የረዘመው በፈተናው ምክንያት ነው። «ሺ ---- ሂር ሲንስ ናይንቲን ናይንቲ» የሚል ጥያቄ «ወርክስ»፣ «ወርክድ»፣ «ሃዝ ወርክድ»፣ «ዊል ወርክ» ከሚሉ አማራጮች ጋር ሲቀርብ፣ ተማሪው ዐረፍተ ነገሩን ማንበብ እንኳ አያስፈልገውም፤ ዐይኑን «ሲንስ» ላይ ጥሎ ሦስተኛውን መምረጥ ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚመዝነው ዐይንን ነው። መምህሩም ተማሪዎቹ እንዲያልፉለት ይፈልጋልና ዐይን ማሠልጠኑን ይቀጥላል። በዚህ መምህሩን መውቀስ ፍትሕ አይሆንም፤ የሚጠየቀውን ነው የሚያስተምረው።

ስለ መጻሕፍቱም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። የስታናርድ አለን «ሊቪንግ ኢንግሊሽ ስትራክቸር» በ1947፣ የሆርንቢ «ኤ ጋይድ ቱ ፓተርንስ ኤንድ ዩሴጅ ኢን ኢንግሊሽ» በ1954፣ የሬይመንድ መርፊ «ኢንግሊሽ ግራመር ኢን ዩስ» በ1985 እ.ኤ.አ. የታተሙ ናቸው። ሦስቱም በየዘመናቸው የተመሰገኑ፣ ለመምህርም ለተማሪም ብዙ የጠቀሙ መጻሕፍት ናቸው። ይሁን እንጂ የተጻፉት በመላው ዓለም ላለ ተማሪ ነው። ለሁሉም የተጻፈ መጽሐፍ የማንንም ቋንቋ በተለይ ሊያነሣ አይችልም፤ ስለ «ሄዶ ያውቃል» እንዲያብራራ ወይም «አልመጣም» ሁለት ፍች እንዳለው እንዲያስጠነቅቅ ከመርፊ መጠበቅ አይገባም። ጉድለቱ የእነርሱ ሳይሆን የእነርሱን ቅደም ተከተል እንዳለ ወስዶ ያገር ውስጥ ማስተማሪያ የሚያዘጋጀው ሰው ነው። መጽሐፉ ከውጭ ሲመጣ ሳይመጣ የቀረው ክፍል እዚህ መጻፍ ነበረበት።

የቃል ልምምዱን በተመለከተ፣ መምህሩ አንዱን ተማሪ መስኮት አስከፍቶ «ዋት ሃዝ ሂ ደን?» ብሎ ሲጠይቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ሂ ሃዝ ኦፕንድ ዘ ዊንዶው» ብሎ የሚመልስበት የቆየ ዘዴ አለ። ዘዴው ውጤቱ ለሚታይ ግሥ መልካም ነው፤ መስኮቱ ተከፍቶ ይታያልና። ጉድለቱ ተማሪው ከሁለት መልኮች አንዱን እንዲመርጥ አለመደረጉ ነው። አርባ ጊዜ «ሃዝ ኦፕንድ» ያለ ተማሪ መልኩን ያውቃል፤ መቼ እንደሚተወው ግን አያውቅም። መስኮቱ እንደገና ተዘግቶ «አሁንስ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ «ሂ ኦፕንድ ኢት፣ ባት ኢት ኢዝ ሻት ናው» የሚለውን መልስ ለማግኘት ማሰብ ይኖርበት ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው ተጨማሪ መሣሪያ መስኮቱን መዝጋት ብቻ ነው።

በዚህ መካከል መምህሩን ግራ የሚያጋባ ሌላ ነገር አለ። አሜሪካውያን የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ከ1955 ዓ.ም. አንሥቶ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ማስተማር ጀምረው ነበር። አሜሪካዊ በቤቱ ሲናገር «ዲድ ዩ ኢት ዬት?»፣ «አይ ኦልሬዲ ኤት» ማለቱ የተለመደ ነው፤ የእንግሊዝ መጽሐፍ ግን በሁለቱም ቦታ ፕሬዘንት ፐርፌክትን ይጠይቃል። በጠቋሚ ቃላቱ ዝርዝር የሚያርም መምህር እንዲህ ያለውን ዐረፍተ ነገር በቀይ ይሰርዛል። መሰረዙ ትክክል አይደለም። «ሃዝ ካም የስተርዴይ» ግን በሎንዶንም በዋሽንግተንም ስሕተት ነው። የመምህሩ ቀይ ቀለም በየትኛው ላይ መፍሰስ እንዳለበት ለይቶ የሚነግረው መምሪያ ያስፈልገዋል።

ነገሩ የሰዋስው ክፍለ ጊዜ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ በቤተ ሙከራ ጎልቶ ይታያል። «ዘ ሶሉሽን ሃዝ ተርንድ ብሉ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ውሁዱ አሁንም ሰማያዊ ነው ማለቱ ነው። «ዘ ሶሉሽን ተርንድ ብሉ» ያለው ግን ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይቆይ አይቆይ አልተናገረም። አዮዲን በስታርች ላይ ተጨምሮ ሰማያዊ ጥቁር ከሆነ በኋላ ሲሞቅ ቀለሙ ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ይህን ሙከራ በትክክል መዝግቦ ለሌላ ሰው ማስረዳት የሚችለው ሁለቱን የግሥ መልኮች ለይቶ የሚያውቅ ተማሪ ነው። የኬሚስትሪ መምህሩ ሁሉንም እንደ አንድ አይቶ ካለፈው፣ የእንግሊዝኛ መምህሩ በጧት የሠራውን ከሰዓት በኋላ ያፈርስበታል።

ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀርበው ጥያቄ ከዚህ ሁሉ የሚመነጭ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋዎች እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዐይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ማስተማሪያ እንዲሆን ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ተማሪው ወደ እንግሊዝኛ የሚገባበት በር አንድ አማርኛ ብቻ አልሆነም። ስለዚህ ከላይ ስለ «ሄዷል» የተባለው ሁሉ ለሁሉም ክልል ይሠራል ማለት አይቻልም። ኦሮምኛ «ዱፌ»ንና «ዱፌራ»ን ለይቶ ተራውን ኀላፊ ከተጣመረው ይለያል። ትግርኛ ደግሞ «መጺኡ» የሚለውን ቦዝ ያለ ረዳት ግሥ ዋና አንቀጽ አድርጎ ሊያቆመው ይችላል። አማርኛ ይህን አይፈቅድም፤ «መጥቶ» ብሎ ማቆም ነገርን በእንጥልጥል መተው ነው። የትግርኛ ተናጋሪው ተማሪ ስሕተት ከአማርኛ ተናጋሪው ስሕተት ጋር አንድ እንዲሆን አይጠበቅም፤ አንድ ዐይነት የመምህር መምሪያም ለሁለቱ እኩል አይበቃም።

ይህ ማለት ለየቋንቋው አዲስ የተማሪ መጽሐፍ ይታተም ማለት አይደለም። ወጪው የሚቻል አይሆንም፣ አስፈላጊም አይደለም። የሚያስፈልገው በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ከየምዕራፉ ጋር የሚገባ፣ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ የማነጻጸሪያ ማስታወሻ ነው፤ የሚያዘጋጁትም በየክልሉ ያሉ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ሊሆኑ ይችላሉ፤ የእንግሊዝኛና የአፍ መፍቻ ቋንቋ መምህራን በአንድ ግቢ ይገኛሉና። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚሠሩበት አጋጣሚ ግን ብዙ አይደለም። የእንግሊዝኛ መምህር በክፍል ውስጥ የተማሪውን ቋንቋ ማንሣቱ እንደ ነውር የሚቆጠርበት ልማድም እንደገና መመርመር ይኖርበታል። «ሄደህ ታውቃለህ?» ብሎ ለመጠየቅ የሚጠፋው ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ነው፤ ያለ እርሱ «ቢን ቱ»ን ለማስረዳት የሚጠፋው ግን ክፍለ ጊዜውን በሙሉ ሊበላ ይችላል።

ፈተናው ካልተለወጠ ማስታወሻው በመደርደሪያ ላይ ይቀራል። ለፈተና አዘጋጆች አስቸጋሪ የሚመስለው ጥያቄ በእርግጥ አስቸጋሪ አይደለም። ሁለት ትክክለኛ ዐረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ይቅረቡ፤ ስለ አቶ ሀ «ሂ ዎዝ ዘ ዳይሬክተር ፎር ቴን ይርስ»፣ ስለ አቶ ለ «ሂ ሃዝ ቢን ዘ ዳይሬክተር ፎር ፋይቭ ይርስ»። በሁለቱም ውስጥ «ፎር» አለ፤ ጠቋሚ ቃሉ ምንም አይጠቅምም። ከዚያም ተማሪው የፈቃድ መጠየቂያ ደብዳቤውን ለየትኛው ዳይሬክተር መጻፍ እንዳለበት ይጠየቅ።